ያለ ጠበቃ የብድር ክስ ስመሠርት የተማርኩት

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለሚኖር ሰው አበድሬ ያልተመለሰልኝን 180,000 ብር፣ ጠበቃ ሳልይዝ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከስሼ አስፈርጃለሁ። የፍትሐ ብሔር ክርክር ገና ዳኛ ፊት ሳይቀረብ፣ መዝገብ በሚከፈትበት ቀን በሚገቡት ወረቀቶች ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ በነሱ ላይ አተኩራለሁ።

ቅድሚያ ፍርድ ቤቱን መለየት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች እንደ ወራሽነት ማረጋገጫ፣ ስም ለውጥና የቀበሌ ቤት ክርክር ያሉትን ያያሉ። የኔ የብድር ክርክር የታየው በፌዴራሉ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ከፌዴራል ጉዳዮች እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ክሱ ተከሳሹ በሚኖርበት፣ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊመሠረት ይችላል። ከተማው ዳር ላይ ግን ከአስፋልቱ ወዲህ አዲስ አበባ፣ ወዲያ ሸገር ከተማ የሚሆንበት ሰፈር አለ። ወዲያ ያሉት የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ የሥራ ቋንቋቸውም አፋን ኦሮሞ ነው። የተከሳሹን አድራሻ በግምት አትጻፉ፤ ከውሉ ወይም ከመታወቂያው ላይ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ማስረጃ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በተከሳሹ እምነት (ተበድሬያለሁ ብሎ በማመኑ) ወይም በመሐላ ነው። የሰፈር ሽማግሌ ሁሉ ቆሞ ቢመሰክር ጽሑፉን አይተካም። ይህን ሕግ ሳያውቁ በመተማመን ብቻ ገንዘባቸውን ያጡ ብዙ ናቸው፤ ያሳዝነኛል። የባንክ ደረሰኝም ቢሆን ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን ብቻውን አያሳይም፤ ተከሳሹ «ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ሊል ይችላል። ውሉ ላይ የሁለቱ ወገኖችና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑር፤ የመክፈያው ቀንም ይጻፍ።

ክሱን ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉላችኋል። ፎርሙን አሳምረው ያውቁታል፤ ፍሬ ነገሩን ግን ከናንተ በላይ አያውቁም። ስለዚህ ገንዘቡ መቼ፣ የት፣ ስንት እንደተሰጠ፣ መቼ ሊመለስ እንደነበርና ምን ዳኝነት እንደምትጠይቁ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ዋናው ገንዘብ፣ ወለድ፣ ወጪና ኪሳራ እያንዳንዱ ተለይቶ ይጠየቅ፤ ያልተጠየቀ አይፈረድም። ውሉ ወለድ ባይጠቅስ እንኳ መክፈያው ካለፈ በኋላ ሕጋዊው 9 በመቶ አለ። መጨረሻ ላይ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት እውነት ስለመሆኑ ማረጋገጫና ፊርማ ይገባል።

የማስረጃ ዝርዝሩ ለብቻው ወረቀት ነው። ሰነዱ ምን እንደሆነ፣ ስንት ገጽ እንደሆነና ዋናው የት እንዳለ፣ የምስክሮችም ሙሉ ስምና አድራሻ ይጻፋል። እዚህ ያልተጠቀሰ ማስረጃ በኋላ ይቅረብ ቢባል በቂ ምክንያት ካልታየ አይቀበሉትም። ቅጂው ለፍርድ ቤቱና ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ነው፤ አንድ ለራሳችሁ አስቀሩ። ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ኃላፊ) መርምሮ በተጠየቀው ገንዘብ ልክ የዳኝነት ክፍያ ያሰላል። መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ በቃለ መሐላ ማመልከት ይችላል።

ከዚያ ብዙ መዝገብ የሚጎተትበት ቦታ ይመጣል፦ መጥሪያ። የቤት ቁጥር በሌለበት አዲስ ሰፈር «ወረዳ እገሌ» ማለት ብቻ አይበቃም። ክሱ ላይ የስልክ ቁጥሩን፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳይቱን፣ ብሎኩንና የቤት ቁጥሩን፣ ካልሆነ ቅርብ ያለውን ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን አስጽፉ። መጥሪያውን የሚያደርሰው ከሳሹ ከሆነ ሁለት የሚመሰክሩ ሰዎች ይዞ ይሂድ። ተከሳሹ አልፈርምም ካለ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የተናገረውን እዚያው መዝግቦ በቃለ መሐላ ለችሎቱ ያቀርባል። በቃል «እምቢ አለኝ» ማለት ሌላ ቀጠሮ ያስከትላል። ጭራሽ ካልተገኘ ፍርድ ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ወይም በአዲስ ዘመን ጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል፤ የጋዜጣውን ወጪ ከሳሹ ስለሚያወጣ ደረሰኙ ይቀመጥ፣ በኋላ ከኪሳራው ጋር ይጠየቃል።

ችሎቱ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። የመዝገብ ቁጥራችሁን በቃላችሁ ያዙ፣ ስትጠሩ ቁሙ፣ ለተጠየቃችሁት ብቻ መልሱ። ትልቁ አደጋ መቅረት ነው፦ ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ቀርቦ ከካደ መዝገቡ ይዘጋል። ለማስከፈት በአንድ ወር ውስጥ በበቂ ምክንያት ማመልከት ያስፈልጋል። ከዳር ሰፈር ለሚመጣ ሰው ደግሞ ታክሲ አጣሁ ማለት በቂ ምክንያት ሆኖ ይታያል ብዬ አላስብም፤ በጊዜ ውጡ።

ፍርድ ማግኘት ገንዘብ ማግኘት አይደለም። ሌላ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ የባለዕዳውን ንብረት የሚጠቁመውም የፍርድ ባለመብቱ (የተፈረደለት ሰው) ነው፦ የመኪና ሰሌዳ ቁጥር፣ የቤት ካርታ፣ ሒሳብ ያለበት ባንክ። ይህን ማጠናቀር ከክሱ ቀን ይጀመር። ንብረቱን ይሸጣል የሚል ስጋት ካለም ያኔውኑ እግድ ይጠየቅ። ባለዕዳው በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ይግባኙ ብቻውን ግን አፈጻጸሙን አያቆምም፣ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የእግድ ትዕዛዝ መቅረብ አለበት።