ሴሊካዬ ጣርማበር ዳገት ላይ ለምን ነበር የምትጠፋው?

ባለፈው እሁድ ከሸዋሮቢት ተነስቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። መንገድ ላይ አንዴም አልቆምኩም። ለብዙዎቻችሁ ይሄ ወሬም ላይሆን ይችላል። ለእኔ ግን የዓመት ከመንፈቅ ልፋት ውጤት ነው። መኪናዋ ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ የመጀመሪያው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. የ1974 ምርት፣ ቲኤ22 የሚባለው ሞዴል። እኔ እጅ ከገባች ጀምሮ ያንን ዳገት ሳትጠፋ ጨርሳው አታውቅም። ደብረ ሲናን አልፋ ከላይ ያለው የጣርማበር ዋሻ ሳትደርስ ቀጥ ትላለች።

ስለ መጀመሪያው ጊዜ ብዙ አልልም። ያገኘኋት ከአጎቴ ነው። ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ዓመታት ቆማለች። የፍሬን ሲሊንደሮቹ ነክሰው ስለነበር አስለቀቅኳቸውና ጎሚኒ ቀየርኩ። የቤንዚን ታንኩ ዝገት ይዞ ነበር፤ አውርጄ አጠብኩት። ወለሏ ሁለት ቦታ ተበልቷል፤ ላሜራ አስበየድኩ። የፍሪሲዮን ዲስክ ሶማሌ ተራ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ አገኘሁ። ይሄ ሁሉ ጊዜና ትዕግስት ይፈልጋል እንጂ ጭንቅላት አያዞርም።

ሞተሯ 2ቲ ይባላል። 1,588 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተሩ ክዳን) አሉሚኒየም። በጣም የምወደው ሞተር ነው። ቫልቮቹን ሞተሩ እንደሞቀ መግቢያውን 0.20፣ መውጫውን 0.33 ሚሊሜትር አድርጋችሁ፣ ፑንቲናውን (እሳት እንዲፈጠር ኤሌትሪኩን እየዘጋ የሚከፍተውን) በ0.45 ከፍታችሁ ስታስነሱት ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሆናል። ግቢ ውስጥ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሰዓት ሙሉ ትሰራለች። ከተማ ውስጥም ምንም አትል። ችግሩ ዳገት ነው።

ወደ ዳገቱ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልናገር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። የኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) መለኪያ ተውሼ አራቱንም ሲሊንደር ለካሁ። ሁሉም 118 እና 120 ፒኤስአይ አካባቢ ነበሩ። የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ደግሞ የሚለው ከ170 በላይ ነው። «በቃ ሞተሩ አልቋል» አልኩ። ቴስታታውን አወረድኩ። ቫልቮቹን አስሞረድኩ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዛሁ። ሁለት ወርና ያጠራቀምኩት ብር ሄደ። ገጥሜ ስለካው እንደገና 120።

ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው። ባህር ዳርቻ 170 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እኛ ጋ 120 ያሳያል። መጽሐፉ የተጻፈው ለእኛ ከፍታ አይደለም። ከዚያም በላይ አራቱም ሲሊንደር እኩል መሆናቸው ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ያረጀ ሞተር እንዲህ እኩል ሆኖ የሚያረጅበት ጊዜ እምብዛም ነው። የቫኪዩም መለኪያም (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ጉልበት የሚያሳየው) እንደዚሁ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይወርዳል። የደጋ ልጆች፣ በመጽሐፍ ቁጥር ብቻ ሞተር እንዳትከፍቱ።

አሁን ወደ ዳገቱ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ትነሳለች። መጀመሪያ ጥሩ ትስባለች። ጥቂት ኪሎሜትር ከወጣን በኋላ መንተክተክ ትጀምራለች። ማርሽ ብቀንስ፣ ነዳጅ ብረግጥ ለውጥ የለም። ከዚያ ትጠፋለች። ሞተሪኖው ያዞራል፣ እሷ አትነሳም። ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ቆማ ትነሳለች። ትንሽ ሄዳ እንደገና ትጠፋለች።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። «ቤንዚኑ እየተነነ ነው።» እውነት ለመናገር የሚያሳምን መልስ ነው። ከፍታ ላይ ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል። ውሃ እንኳ ደብረ ብርሃን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። (ለዚህ ነው የራዲያተር ክዳናችሁ ግፊት መያዝ ያለበት። ክዳኑ ከላላ ሞተሩ ከልክ በላይ ሳይሞቅም ውሃው ገንፍሎ ይወጣል።) ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ተነነ ማለት ፖምፓው እንፋሎት ይስባል እንጂ ነዳጅ አይስብም። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ስትጠፋ ፖምፓው ላይ እጠመጥማለሁ፣ ውሃ አፈሳለሁ፣ እጠብቃለሁ። ትነሳለች!

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የቤንዚን ቱቦውን ከማርሚታው መስመር አራቅኩት። አዲስ ፖምፓ አሰርኩ። በካርቡራተሩና (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው) በማኒፎልዱ መሃል ወፍራም የሙቀት ማገጃ አስገባሁ። ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁ። በሦስተኛው ተስፋ ስቆርጥ ጄቱን በቀጭን ሽቦ ወጋሁት። ይሄን በፍጹም አታድርጉ። ጄት ማለት የተለካ ቀዳዳ ነው፣ የነሐሱ ጠርዝ ትንሽ ከተፋቀ ልኩ ሌላ ይሆናል። አየር ንፉበት፣ ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፉት። ሽቦ ግን አይንካው። እኔ ሌላ ጄት እስካገኝ ድረስ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ስታጨስ ከረመች።

ያም ሆኖ ዳገቱ ላይ ትጠፋለች።

መፍትሄውን የጠቆመኝ ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነው። መኪናዋን አይቷት አያውቅም። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው ችግሬን ያወራሁለት። እጁን ከስራው ሳያነሳ አዳመጠኝ። ከዚያ ስለ ቦቢናዋ፣ የባትሪውን ኤሌትሪክ አጠንክራ ለካንዴላ ስለምታቀብለው ዕቃ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ስትጠፋብህ ቦቢናዋን በእጅህ ነክተሃታል?»

«አልነካሁም ጋሼ። ችግሩ የቤንዚን ነው ብለውኝ...»

«ማን አለህ? ጨርቁን ሳታጠልቅ ዝም ብለህ ሃያ ደቂቃ ብትጠብቅስ አትነሳም?»

ዝም አልኩ። ሞክሬው አላውቅም ነበር። ውሃ አፍስሼ፣ ጠብቄ ስትነሳ የውሃው ስራ ነው ብዬ አምኛለሁ። የመጠበቁ ስራ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም። ውሃው ሁልጊዜ ከመጠበቅ ጋር ነበር። ሁለቱን ለያይቼ አይቻቸው አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና አንድ ጓደኛዬን ይዤ ወረድኩ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፣ መኪናዋን አዞርን፣ ዳገቱን ጀመርን። ለመጀመሪያ ጊዜ እንድትጠፋ ፈለግኩ። እንደልማዷ ጠፋች። ጥግ ይዤ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አስገብተን፣ ወዲያው ኮፈኑን ከፈትኩ። ሃያ ደቂቃ ከጠበቃችሁ የምትፈልጉት ጥፋት ቀዝቅዞ ይጠፋል።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንስቼ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ እያየሁ የነዳጁን ገመድ በእጄ ሳብኩ። ቤንዚን እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ተረጨ። የካርቡራተሩ ሳህን ውስጥ ነዳጅ አለ ማለት ነው። የዓመት ሙሉ እምነቴ እዚያ ጋ አበቃ።

ቀጥሎ ከቦቢናዋ ወደ ዲስትሪቢተር (እሳቱን ለየካንዴላው ወደሚያከፋፍለው) የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነቅዬ፣ ጎማ በለበሰ ፒንሳ ይዤ፣ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል አራቅኩት። ጓደኛዬ ሞተሪኖውን አዞረ። እሳቱ ቀጭንና ብርቱካናማ ነበር፣ አንዴ ይመጣል አንዴ ይቀራል። ጠዋት ግቢ ውስጥ ሳየው ግን ሰማያዊና የሚንጣጣ ነበር። ቦቢናዋን ነካሁ። እጄን ማቆየት አልቻልኩም።

ደብረ ብርሃን ገብቼ በቴስተር ለካሁ። ቦቢናዋ በውስጧ 1.5 ኦም ናት። እንዲህ ዓይነቷ ቦቢና ብቻዋን አትሰራም። ከጎኗ ኤሌትሪኩን የምትቀንስ፣ ነጭ ሸክላ የምትመስል ሬዚስታንስ ትታሰራለች፣ እሷም 1.5 ኦም ገደማ። ቁልፍ አዙረን ሞተሪኖው ሲሰራ ባትሪው ስለሚደክም ለዚያች ጊዜ ብቻ ሙሉው ቮልቴጅ በቀጥታ ይሄዳል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በሬዚስታንሷ በኩል ማለፍ አለበት። እኔ ፑንቲናው ዝግ ሆኖ ቦቢናዋ ላይ ስለካ 6 ወይም 7 ቮልት ማግኘት ነበረብኝ። ያገኘሁት 12 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ሽቦውን ተከተልኩት። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው የሬዚስታንሷን ሁለት ጫፍ በአንድ ቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ በላዩ ፕላስተር ጠቅልሎበታል። ሬዚስታንሷ በቦታዋ አለች፤ ስራ ግን የላትም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 14 ቮልት በ3 ኦም (ቦቢናና ሬዚስታንስ አንድ ላይ) ሲያልፍ 5 አምፒር አይሞላም። በ1.5 ኦም ሲያልፍ ከ9 በላይ ነው። ኤሌትሪኩ እጥፍ ሲሆን ቦቢናዋ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሺህ ዙር ተጠምጥሟል። በጣም ሲሞቅ መከላከያው ይደክማል፣ እሳቱም አብሮ ይደክማል። ዳገት ላይ ደግሞ ነዳጅ ስለምንረግጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። በግፊት ውስጥ ካንዴላው እሳት ለመርጨት ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ሰዓት ሙሉ ብትሰራ የማትጠፋው ሚኒሞ ላይ ደካማ እሳትም ስለሚበቃት ነው። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ የፈተሽኳት ግቢ ውስጥ ነው።

ቁራጭ ሽቦውን ቆረጥኩ። የቦቢናዋ ውስጥ ቀድሞ ስለተጎዳ ሌላ 1.5 ኦም ቦቢና ቀየርኩ። የተቃጠለውን ፑንቲና ጣልኩ። አዲሷ ቦቢና ዋሻው አፍ ላይ ቆሜ ስነካት ትሞቃለች፣ ግን እጄን አታባርርም።

ብዙ ሰው «ፑንቲናውን ጥለህ ኤሌክትሮኒክ ግጠምበት» ይለኛል። አልገጥምም። ፑንቲና መንገድ ላይ በካቻቢቴና በወረቀት ይስተካከላል፣ ኤሌክትሮኒኩ ከተበላሸ ግን መጎተት ነው። ደግሞም ሬዚስታንስ የሌለባትን ቦቢና ኤሌክትሮኒክም አያድናትም። ይልቅ ርካሽም ቢሆን ቴስተር ግዙ። ቦቢና ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ለኩ። 3 ኦም ከሆነች ብቻዋን ትሰራለች፤ 1.5 ከሆነች ሬዚስታንስ ትፈልጋለች። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ። እኔም ድሮ አንድ ነው ብዬ ገዝቼ ነበር።

አሁን የቀረኝ ነገር ሚኒሞው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ካስተካከልኩት ሸዋሮቢት ስወርድ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይቀጥንና ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ለጊዜው የድብልቅ ቡሎኗን ወደ ውጪ ሩብ ዙር አላልቼ እወርዳለሁ፣ ስመለስ አጠብቃታለሁ። የተሻለ መላ ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የኋላ መስታወት ጎማ ያለው ሰውም ካለ እፈልጋለሁ፤ ክረምት ሳይገባ ማግኘት አለብኝ።