ቁጥሩ ልክ ነበር

አንዲት ሕፃን በትምህርት ቤት ሰርቪስ መኪና ውስጥ ተረስታ የቀረችበት ይህ ነገር የሆነው በአዲስ አበባ፣ ከመገናኛ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ከነርሰሪ እስከ 8ኛ ክፍል ወንዶችንም ሴቶችንም ያስተምራል፤ አዳሪ የለውም፤ ልጆቹ ጠዋት መጥተው 9:30 ላይ ይለቀቃሉ። ግቢው በፊት መኖሪያ ቤት ስለነበረ ለመኪና ማቆሚያ የሚተርፍ ቦታ የለውም፤ በሩ ላይ ያለው መንገድም ሁለት መኪና በቅጡ አያሳልፍም። ጠዋት ከ1:30 እስከ 2:00 ሰርቪሶቹ ተራ በተራ ይጠጋሉ፣ ያወርዳሉ፣ ከኋላቸው ክላክስ ሲበዛ ወዲያው ይሄዳሉ። ጥፋቱ የተፈጠረው በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ነው።

ወሩ ኅዳር ነው፣ ቀኑ ሰኞ። ከጣፎ ተነስታ በአያት፣ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ በኩል የምትመጣ አንዲት ዶልፊን ዝርዝሯ ላይ 17 ልጆች አሏት። መጀመሪያ የምትሳፈረው የ5 ዓመት የዩኬጂ ተማሪ ናት። 12:20 ላይ ትገባለች፤ ቀድማ ስለምትገባ የኋላው ወንበር ጥግ የእሷ ነው፤ ትምህርት ቤት እስክትደርስ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ናት። መኪና ውስጥ የሚያንቀላፋው ልጅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፦ ዕድሜው ትንሽ፣ ቀድሞ የገባ፣ ከኋላ የተቀመጠ። የኅዳር ጠዋት ብርድ ስለሆነም ወፍራም ጃኬት ለብሳ፣ ኮፍያውን እስከ ዓይኗ ደፍታ ነበር።

በዚያ ጠዋት ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ልጆቹን በስምና በመልክ የምታውቀው የመኪናዋ ረዳት ለቅሶ ሄዳ በምትኳ ሌላ ሴት ገብታለች። ሲኤምሲ ላይ ደግሞ አንዲት እናት የ4ኛ ክፍል ልጃቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል፤ የእነሱ ሰርቪስ ተበላሽቷል። «ዛሬን ብቻ አድርስልኝ» አሉት ሹፌሩን። ሹፌሩ ሰው ነውና ጫነው። መኪናዋ ውስጥ አሁን 18 ልጅ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ያው 17 ነው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ምትኳ ረዳት ተንሸራታቹን በር ከፍታ የሚወርዱትን መቁጠር ጀመረች። 17 ሲሞላ ወረቀቷን አየች፤ ልክ ነው። በሩን ዘጋች። እንግዳው ልጅ በቁጥሩ ውስጥ ገብቷል፤ የዩኬጂዋ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች።

ሹፌሩ መኪናዋን ሁለት ፌርማታ አልፎ ወዳለ ፓርኪንግ ወሰዳት፣ ከግንብ አጥር ጥግ አቆማት፣ ቆልፎ የቦሎ ጉዳዩን ለመጨረስ በታክሲ ሄደ። 3:40 ገደማ የፓርኪንግ ሒሳብ የሚሰበስበው ወጣት በመኪኖቹ መሃል ሲያልፍ የመስታወት ኳኳታ ሰማ። ዳሽቦርዱ ላይ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ያለውን ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ መኪናው ውስጥ ልጅ አለች፤ ቶሎ ይድረሱ።» የሹፌሩ የመጀመሪያ መልስ «ኧረ ሁሉም ወርደዋል» የሚል ነበር። ከልቡ ነው ያለው፤ ቁጥሩ ልክ ነበርና።

ወጣቱ ሹፌሩን አልጠበቀም። የዶልፊን የጎን መስታወት ወደ ጎን የሚንሸራተት ሆኖ የሚከፈተው መያዣው በሁለት ጣት ሲጨመቅ ነው፤ ለትንሽ ጣት ይከብዳል፤ ያላየው ልጅ ደግሞ በራሱ አያገኘውም። በመስታወቱ በኩል በእጁ እያሳየ «ማሚዬ፣ እቺን ጨመቅ፣ ከዚያ ሳብ» ሲላት ደጋግማ ሞክራ በመጨረሻ ትንሽ ከፈተችው። ቀሪውን እሱ ገፍቶ፣ እጁን አስገብቶ የበሩን ቁልፍ ከውስጥ ፈታ። ልጅቷ ጃኬቷን አውልቃ ጥላለች፣ ፀጉሯ በላብ ርሷል፣ ለቅሶውም አድክሟታል። ክሊኒክ ተወስዳ ሙቀቷ ተለክቶ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ደህና መሆኗ ሲረጋገጥ ለእናቷ ተሰጠች።

ያዳናት ግንቡ ነው። መኪናዋ ከግንቡ በስተ ምዕራብ ስለቆመች የጠዋቱ ፀሐይ እስከ 3:15 ድረስ አላገኛትም። አየሩ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በሆነበት ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ጭማሪው በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስታወትን ጣት በሚያስገባ መጠን ከፍቶ መተው ብዙም አይለውጠውም። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። «አዲስ አበባ እኮ በረሃ አይደለም» የሚለው ማጽናኛ ስለዚህ ቦታ የለውም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ምን ያውቅ ነበር? የክፍሏ መምህርት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ 2:20 ላይ አቴንዳንስ ይዛለች፤ ልጅቷን ቀሪ ብላ ሞልታለች። ጉንፋን የበዛበት ወር ስለነበር ታማ ይሆናል ብላ አሰበች። ወረቀቱ እስከ 4:00 ሰዓት እረፍት ጠረጴዛዋ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ዩኒት ሊደሯ ትሰበስባለች፣ ጸሐፊዋ ደግሞ ጊዜ ስታገኝ ለወላጆች ትደውላለች። ደንቡ የሚለው «የቀረ ተማሪ ወላጅ በዕለቱ ይደወልለታል» ነው። በዕለቱ ማለት ከሰዓት በኋላም ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ እናትየው ልጇ ክፍል እንዳለች ታምናለች፤ ክፍል ውስጥ መምህርቷ ልጅቷ ቤት እንዳለች ታምናለች። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ብትቆም ኖሮ የ4:00 ሰዓቱ ወረቀት የሚደርሰው ካለፈ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ምትኳን ረዳት ማሰናበት ነበር። አለመደረጉ ትክክል ነው። እሷ የተሰጣትን ሥራ በትክክል ሠርታለች፦ ቆጥሪ ተባለች፣ ቆጠረች። ስህተቱ ያለው ሥራው ላይ ነው። ቁጥር ስንት ሰው እንደወረደ ይናገራል እንጂ ማን እንደቀረ አይናገርም፤ አንድ ያልተመዘገበ ልጅ ሲገባ ደግሞ የጎደለውን ይሸፍናል። ሹፌሩ፣ ረዳቷ፣ መምህርቷና የበሩ ጥበቃ ለየብቻ ተጠይቀው የጠዋቱ ሰዓት በደቂቃ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ይህ ወዲያው ታየ። ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠርቶ የሆነውን ሳይደብቅ መናገሩም ተገቢ ነበር፤ ብዙዎቹ ሰምተውት ነበርና ዝምታው ከጥፋቱ ይልቅ ያስቆጣቸው ነበር።

አሁን ዝርዝሩ ክሊፕ ቦርድ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ክፍሉ፣ የሚሳፈርበት ቦታ፣ የገባበት ሰዓትና የወረደበት ሰዓት አለ። ረዳቷ ልጁ ሲገባ ሰዓቱን በእስክርቢቶ ትሞላለች፤ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ መሙላት ክልክል ነው። በሩ ላይ የዕለቱ ተረኛ መምህር ሌላ ቅጂ ይዞ ይቆምና ስም ይጠራል፤ ልጁ «አቤት» ብሎ ይወርዳል። ለ17 ልጅ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ይህ ሰልፉን አስረዘመው፤ ስለዚህ ለየመኪናው የመድረሻ ሰዓት መመደብና በሩን 1:15 ላይ መክፈት ግድ ሆነ። ያልተመዘገበ ልጅ እንዲጫን ወላጁ አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ መደወል አለበት፤ ስሙም ከዝርዝሩ ግርጌ በእጅ ይጻፋል። ሹፌሩ መንገድ ላይ በራሱ መወሰን የለበትም። ይህ ጭካኔ የሚመስላቸው አሉ፤ ግን ያን ጠዋት የአንዱ ልጅ ውለታ ሌላዋን ልጅ ከቁጥር አወጣት።

የመጨረሻው ልጅ ከወረደ በኋላ ረዳቷ እስከ ኋላው ወንበር ድረስ ትገባለች። መቀመጫዎቹን በዓይን ብቻ አታይም፦ ጃኬትና ቦርሳ ታነሳለች፣ ጎንበስ ብላ ከወንበር ሥር ታያለች። ከኋላው መስታወት ላይ በሽቦ የታሰረች ካርድ አለች፤ አንዱ ገጿ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ «ባዶ ነው» ተጽፎበታል። ካርዷን ገልብጣ ትወርዳለች። ጥበቃው አረንጓዴውን ከውጭ ሳያይ መኪናው እንዲንቀሳቀስ አይፈቅድም። የካርዷ ጥቅም እስከ መጨረሻው ወንበር ሳይሄዱ መገልበጥ አለመቻሉ ነው።

የካርዷም አሠራር ቢሆን ወዲያው መበላሸት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ በክር ነበር የታሰረችው፤ አንዳንድ ረዳቶች ፈትተው ወደ ፊት ወንበር አመጧትና ከበሩ ሆነው ይገለብጧት ጀመር። ሽቦው የመጣው ለዚህ ነው። ቀጥሎ የጠዋቱ አረንጓዴ ከሰዓት በኋላም እንደተገለበጠ ቀረ፤ ስለዚህ ልጆች ከመሳፈራቸው በፊት ወደ ቀይ መመለሷን ተረኛው መምህር ያያል። ትንንሾቹም ይጫወቱባታል፤ ከመቀመጫቸው በላይ ከፍ ብላ ተሰቀለች። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ደርሰናል» ብሎ መጻፉም ቀጥሏል፤ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቁጥጥር ሊቆጠር አይገባም። 17 ወላጅ ባለበት ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ሌላው አይቶታል ብሎ ያልፋል።

ይህ የአንድ ሰፈር ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በኳታር አል ዋክራ አንዲት የ4 ዓመት ሕፃን፣ በዚያው ወር በጃፓን ማኪኖሃራ ደግሞ አንዲት የ3 ዓመት ሕፃን በመዋዕለ ሕፃናት አውቶቡስ ውስጥ ተረስተው ሞቱ። ጃፓን በቀጣዩ ዓመት የመዋዕለ ሕፃናት አውቶቡሶች የማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው አስገደደች። ደቡብ ኮሪያ ከዚያ ቀደም ብላ ሹፌሩ መኪናውን ካቆመ በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ የሚጫነው ደወል አስገጥማለች፤ ካልተጫነው መኪናው ይጮኻል። አሳቡ ከካርዷ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ መሣሪያው ጥበቃ አያስፈልገውም። አቅሙ ያለው ትምህርት ቤት መሣሪያውን ቢያስገጥም ይመረጣል።

ከሁሉ አስቸጋሪው ከትምህርት ቤቱ ጋር ምንም ውል የሌላቸው ሰርቪሶች ናቸው። በከተማችን ብዙ ወላጅ ከሹፌር ጋር በቀጥታ ይዋዋላል፤ ትምህርት ቤቱ ማን ማንን እንደሚያመጣ አያውቅም። እነዚህ ሹፌሮች ሰልፉን ሽሽት ልጆቹን ከበሩ ራቅ አድርገው ያወርዷቸዋል። ትምህርት ቤት በግል ሹፌር ላይ ሥልጣን የለውም፤ ሕፃን በሩ ላይ እንዴት እንደሚረከብ ግን መወሰን ይችላል። ስለዚህ የመንጃ ፈቃድና የቦሎ ኮፒ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የልጆቹና የወላጆቹ ስም ዝርዝር ከነስልካቸው ቀርቦ ማኅተም ያለበት ወረቀት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ያልተመዘገበ መኪና ያመጣው ልጅ በር ላይ አይመለስም፤ ለወላጁ ግን ያን ጊዜውኑ ይደወላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደወልለት ወላጁ ራሱ ሹፌሩን ያስመዘግባል።

አቴንዳንሱ አሁን 2:20 ላይ ተይዞ 2:30 ላይ ከክፍል ይወጣል፤ ከየሰርቪሱ ዝርዝር ጋር ይነጻጸራል፤ ተሳፍሮ ክፍል ያልገባ ልጅ ካለ ከወላጁ በፊት የሚደወለው ለሹፌሩ ነው። የቀሩት ሁሉ ወላጆች እስከ 2:45 ይደወልላቸዋል። እዚህ ላይ የሚያደናቅፈው ስልክ ነው፦ መመዝገቢያ ፎርሙ ላይ ያለው ቁጥር የተቀየረ ወይም ሥራ ላይ የሚዘጋ ይሆናል። ለአንድ ልጅ ሦስት ቁጥር ተይዞ በየኳርተሩ ውጤት ሲወሰድ ይታደሳል። ልጁ የታመመበት ወላጅም ለሹፌሩ ብቻ ነግሮ መተው የለበትም፤ መልእክቱ ለትምህርት ቤቱ መድረስ አለበት።

ለልጆቹም የሚነገር አለ። በአብዛኞቹ መኪኖች ክላክስ ቁልፉ ተነቅሎም ይሠራል። የኬጂ ልጆች የቆመ ዶልፊን ውስጥ በቡድን በቡድን ገብተው በወንበሮቹ መሃል ወደ ሹፌሩ ቦታ መሄድና ክላክሱን ሰው እስኪመጣ መጫን ይለማመዳሉ። ለ5 ዓመት ልጅ በአንድ እጅ መጫን አይበቃም፤ በሁለት እጅ ወይም ዞሮ በመቀመጫ መጫን ይሠራል። የመስታወቱንም መያዣ መክፈት እዚያው ይለማመዱታል። ሳያስፈሩ፣ እንደ ጨዋታ፣ በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ቢደረግ በቂ ነው።

ምትክ ረዳትን በተመለከተ፣ በየመኪናው አንድ ፋይል አለ፦ የየልጁ ጉርድ ፎቶ፣ ስም፣ ቤት፣ ማን እንደሚረከበው፣ አለርጂ ወይም ሌላ የጤና ችግር ካለበት እሱም። ምትኳ ቀድማ ባለው ቀን ከመደበኛዋ ረዳት ጋር አንድ ዙር ትሄዳለች። ያ ካልተቻለ፣ ለምሳሌ እንደዚያ ቀን ድንገተኛ ለቅሶ ከሆነ፣ ልጆቹን የሚያውቅ አንድ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ከመነሻው አብሯት ይሳፈራል። የሚሳፈረው ሰው ካልተገኘም ለወላጆች ከማታው ይነገራቸውና ያን ጠዋት ልጆቻቸውን ራሳቸው ያመጣሉ።