ካልቸሩ «ባክቴሪያ አልተገኘም» ሲል

እርግዝናዋ 31ኛ ሳምንት የደረሰ እናት ከብሽሽቷና ከጡቷ ሥር የጀመረ ሽፍታ ይዛ ክፍላችን ተኛች፤ የቀላው ቆዳ መሀሉ እየደረቀ ሲቀረፍ፣ ጠርዙ ላይ የስፒል ራስ የሚያህሉ መግል የቋጠሩ ነጠብጣቦች በየቀኑ አዲስ ረድፍ እየሠሩ ወደ ውጭ ይሰፉ ነበር። ትኩሳት ስለነበራትና ነጭ የደም ሕዋሷ ስለጨመረ፣ የክፍሉ ኃላፊ ኢንፌክሽን ነው ብለው አንቲባዮቲክ አዘዙ።

የመግሉ ካልቸር (ባክቴሪያ ካለ አሳድጎ የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ) «ባክቴሪያ አልተገኘም» ተብሎ ሲመለስ ወረቀቱን አሳየኋቸው።

«አወሳሰዱ ላይ ተሳስታችኋል፤ ድገሙት» አሉኝ።

ደገምነው፤ ውጤቱ ያው ሆነ።

«አንቲባዮቲክ ከጀመረች በኋላ ምን ይገኛል ብለህ ነው?»

የመጀመሪያው ናሙና መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት መወሰዱን ካርዱ ላይ በጣቴ ሳመለክት፣ እርሳቸው ወደሚቀጥለው አልጋ አልፈው ነበር።

ከቆዳዋ ለምርመራ የተወሰደው ቁራጭ (ባዮፕሲ) በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ የተከማቹ ኒውትሮፊሎችን፣ ማለትም መግል ውስጥ የሚገኙ ነጭ የደም ሕዋሳትን፣ አሳየ፤ ቆዳን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልገው የኢሚውኖፍሎረሰንስ ምርመራ ኔጌቲቭ ስለሆነም ፔምፊጎይድን (በእርግዝና ሊነሳ የሚችል ውሃ ቋጣሪ የቆዳ በሽታ) ተውነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1872 የቆዳ ሐኪሙ ሄብራ የገለጸው ኢምፔቲጎ ሄርፔቲፎርሚስ ነበር፤ ስሙ እንዲህ ያሳስት እንጂ በባክቴሪያ የሚመጣው ኢምፔቲጎም በቫይረስ የሚመጣው ሄርፒስም አይደለም፣ በእርግዝና የሚነሳ መግል ቋጣሪ የሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ፣ የማይተላለፍ በሽታ) ዓይነት ነው። የሶሪያሲስ መድኃኒቶቹ ሜቶትሬክሴትና አሲትሬቲን ፅንሱን ስለሚጎዱ አልታሰቡም። ስቴሮይድ የሆነውን ፕረድኒሶሎን ጀመርን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ሳይክሎስፖሪን ለክፉ ቀን አቆየን፤ የእንግዴ ልጁ ሥራ ሊዳከም ስለሚችል የፅንሱን የልብ ምት በቅርብ ተከታተልን።

በዚያው ሰሞን አንድ ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ጠራችኝ።

«ዶክተር፣ የደም ግፊት ስለካት እጇ ይጨመደዳል። ጣቶቿ ተጣብቀው አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ይገባል።»

«ፈርታ ነው፣ ሲስተር» ብያት ተመለስኩ።

ጠዋት የካልሲየም ውጤቷ እጅግ ዝቅ ብሎ መጣ። ይህ በሽታ ካልሲየም እንደሚያወርድ አንብቤአለሁ፤ የነርሷ አገላለጽም የካልሲየም ማነስ ምልክትን ከመጽሐፍ የቀዳ ያህል ነበር። ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ቀስ ብለን ሰጠናት።

እናቲቱ በሰላም ወለደች፤ ከወሊድ በኋላም ሽፍታው ጠፋ። በሚቀጥለው እርግዝና ቀድሞና በርትቶ ሊመለስ እንደሚችል ነግረን ሸኘናት።

ከወር በኋላ ኃላፊው ታሪኩን በጠዋት ስብሰባ ላይ ሲያቀርቡ «ካልቸሩ ባክቴሪያ ሲያጣ ወዲያው ጠረጠርን» አሉ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። ቀጣዩ ስላይድ «የካልሲየም ማነሱ በወቅቱ ተለይቶ ታከመ» ይላል። ስላይዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ።