ወደ ኮሶዬ መሄድ ቀላል ነው

ከአዳማ ወደ ጎንደር በዝውውር የመጣሁት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ነበር። መስከረም ሲጠባ ባለቤቴ «ከዚህ ክፍል አውጣን» አለችኝና እሁድ እሁድ የሰባት ዓመት ልጃችንን ይዘን መዞር ጀመርን።

ስለ ቅርብ ቅርቡ ብዙ የምለው የለኝም። አብያተ መንግሥታቱን በጠዋት ጎብኙ፤ ትኬቱን ግን አትጣሉ፣ ፋሲል መዋኛ ስትደርሱ ትጠየቃላችሁ። መዋኛው ለጥምቀት ካልሆነ በቀር ውኃ የለውም። ልጄ ባዶውን ገንዳ አይታ አኮረፈች፤ የአጥሩን ድንጋይ ጨምድደው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ስታይ ግን ኩርፊያው ለቀቃት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግር ይደረሳል። ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ሁሉም ሰው ወደ ጎሃ ኮረብታ ይልካችኋል፤ እኔ ግን የቁስቋምን ዳገት ወጥቼ ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አጠገብ መቀመጥን እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ በአንድ ወር ጨርሰን ደፋር ሆንን። ኮሶዬ፣ በወገራ ደጋ ገደል ጫፍ ላይ ያለ ቦታ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የመረጃ ቢሮ ገብቼ ጠየቅሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ባለቀለም ወረቀት ሰጠኝና «መኪና እስከ ማታ አይጠፋም» አለኝ። አከራያችን እትዬ ደግሞ በር ላይ ይዘውኝ «ልጄ፣ ወገራ ያለ ጋቢ አይኬድም» አሉ። ፀሐዩን አሳየኋቸውና ሳቅሁ። የቢሮውን ሰው አምኜ የእትዬን ምክር ናቅሁ።

መሄዱ ቀላል ነበር። ከመናኸሪያ የደባርቅ ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ረዳቱ መንገድ ላይ እንደምንወርድ እያወቀ የደባርቅን ሒሳብ ተቀበለን። አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ቆላውን ስታዩ ጉልበት ይከዳል። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጎበኙ እዚህ ምሳ በልተዋል ይባላል። ልጄ ስለ ንግሥቲቱ ደንታም አልነበራት፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አግኝታለች። በቂጣቸው እየተንፏቀቁ፣ በሁለት እጃቸው ሣሩን ጭር ጭር እያደረጉ ሲነጩ ድምፁ ይሰማል። አንዱ ጎፈሬያም ወንድ ቀና ብሎ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ አሳየንና ወደ ሣሩ ተመለሰ። አራት ሰዓት ያህል እንዲህ አሳለፍን።

ስምንት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ወጣን። የመጀመሪያው ሚኒባስ ሙሉ ነበር፤ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ፍጥነቱን እንኳን አልቀነሰም። ቀኑ እሁድ ነው፤ ቤተሰብ ጠይቆ የሚመለሰው ሁሉ ከደባርቅና ከዳባት ይጫናል፣ ኮሶዬ ሲደርስ ወንበር አይተርፍም። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን አላሰብሁትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። የልጄ ጣቶች በቆፈን ደርቀው የሹራቧን ቁልፍ መያዝ አቃታት። ሸሚዜን አውልቄ ደረብሁላት። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሊሆን ሲል በጎቹን የሚነዳ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ቆሞ «የት ልትሄዱ ነው?» አለ። «ጎንደር» ስለው ራሱን ነቀነቀ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ቆመህ ጎንደር አትገባም። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ውጣና ከዚያ ተሳፈር!»

ወደ ቤት ለመግባት ከቤት መራቅ! ግን እውነቱን ነበር። ወደዚያ የሚሄድ አይሱዙ አስቁሞ ራሱ አሳፈረን። አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ከተማ ናት፤ ወደ ጎንደር የሚመለስ ሚኒባስ ከዚያው ተነሥቶ ይሞላል። እስኪሞላ አንድ ሻይ ቤት እሳት ዳር ተቀመጥን። ቤታችን የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ልጄ ሦስት ቀን ሳለች።

ማክሰኞ ወደዚያ ቢሮ ሄድሁ። ወጣቱ ያለ ምንም ኀፍረት «ሰው እኮ ኮንትራት መኪና ይዞ ነው የሚሄደው» አለኝ። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርኸኝም? ወረቀቱ ጎንደር በ1628 ዓ.ም. መቆርቆሯን ያውቃል፤ የእሁድ ከሰዓትን መኪና አያውቅም። አሁንም ድረስ ያናድደኛል። ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን ያን ወረቀት አጥፌ በኪሴ የያዝሁት እኔ መሆኔ ነው።

ኮንትራት አያስፈልጋችሁም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። በአዘቦት ቀን ሂዱ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ከገደሉ ተነሡ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ውጡና ከዚያ ተመለሱ። ስለ መንገዱ ደኅንነትም በዕለቱ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ሾፌሮችን ጠይቁ እንጂ ወረቀት አትመኑ።

ኅዳር ላይ ፈቃድ ወስጄ ደግመን ሄድን፤ የእትዬን ሁለት ጋቢ ተውሰን። ያችው ሻይ ቤት እሳት ዳር የተጠበሰ ድንች በላን። ማታ ጋቢውን ስንመልስ እትዬ አሸተቱትና «ጭስ ጭስ ይላል፤ ዛሬስ የሞቀ ቤት አግኝታችኋል» አሉ።