ናስና ብረት የገጠሙበት መላጊያ፦ እስካሁን የደረስኩበት

በዚህ ሳምንት የመላጊያዬ የናስ ጎን ከብረት መሠረቱ ጋር ሙሉ በሙሉ ገጠመ። ጥፍር የሚይዝ ክፍተት የለም፤ መጋጠሚያውን የሚያሳየው የቀለሙ ልዩነት ብቻ ነው። ደስታው ለብቻዬ ስለበዛብኝ ጻፍኩላችሁ።

የምማረው በ19ኛው መቶ ዘመን ስቱዋርት ስፓይርስ በስኮትላንድ ኤር ከተማ፣ ኋላም ቶማስ ኖሪስ በለንደን ይሠሯቸው የነበሩትን ዓይነት መላጊያዎች ነው፤ ቅርፊታቸው ብረት ወይም ናስ፣ ሆዳቸው በጠንካራ እንጨት የተሞላ። የአሜሪካው የመሣሪያ አምራች ስታንሊ በ1869 የሊዮናርድ ቤይሊን የፈጠራ መብት ከገዛ በኋላ በየአናጺው እጅ የገባው ግን ብረት ቀልጦ በቅርጽ ፈስሶ የሚሠራው መላጊያ ነው።

ስለ ልኬቱ፣ ስለ መጋዙና ስለ ሞረዱ አላበዛም፤ ታጋሽ ሰው ይደርስበታል። የፈተነኝ ማጋጠሙ ነው። ጎኑና መሠረቱ የሚያያዙት በጠርዛቸው ላይ በተቆረጡ፣ እርስ በርስ በሚገቡ ጥርሶች ነው። ጥርሶቹ ጫፋቸው ሰፊ፣ ሥራቸው ጠባብ ስለሆነ ወደ አንድ አቅጣጫ አይላቀቁም። በዚያ ላይ የጥርሶቹ ጠርዝ በሞረድ በሰያፍ ይነሳል፤ የጎረቤቱ ጥርስ ጥቂት ትርፍ ተተውለት በመዶሻ ሲቀጠቀጥ፣ ትርፉ ወደዚያ ሰያፍ ቦታ ፈስሶ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ በሌላውም አቅጣጫ አይወጣም። ያለቀውን መጋጠሚያ ያየ ሰው ሁለቱ እንዴት እንደገቡ ሊገባው አይችልም፤ የገቡት ብረቱ ቅርጹን ከመቀየሩ በፊት ነውና።

ከባድ መዶሻ ሥራውን ያፋጥናል የሚሉትን አልቀበልም። ናስ በተመታ ቁጥር ይደድራል፤ ካለፈበት ይሰነጠቃል። ቀላል መዶሻ፣ አጫጭር ምት፣ ጥርስ ከጥርስ እየተዟዟሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ የብረት ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ሞርሳም አያድናቸውም። ይህን ድጋፍ ለመሥራት ጊዜ አትቆጥቡ።

መላጊያ ሠሪው ካርል ሆልቴይ ከኖሪስ ተነሥቶ የሠራቸውን መላጊያዎች በፎቶግራፍ ስመለከት ዓይኔ ድሮ የሚያርፈው በአንጸባራቂው ናስ ላይ ነበር። አሁን አፉን፣ ማለትም ምላጩ ከሥር ብቅ የሚልበትን ክፍተት እፈልጋለሁ፦ ጠባብ ነው? ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው? ምላጩ የሚተኛበት አልጋ ያለ ክፍተት ይሸከመዋል? አብረቅራቂነት በጨርቅ ይመጣል፤ ይህኛው በጨርቅ አይመጣም።

እውነቱን ለመናገር፣ ምላጩ በደንብ የተሳለና ጀርባው ላይ የሚታሰረው ብረት ከስለቱ ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ብቻ እንዲርቅ የተደረገ ተራ ስታንሊም በዋንዛ አንጓ ዙሪያ እንጨቱን ሳይቦጭቅ ያልፋል። ስለዚህ ለሥራው ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ ድካም አልመክርም። እኔ ግን ይህን እያወቅሁ ሌላ እጀምራለሁ፤ እንዲህ የተሠራ ዕቃ በእጄ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ለሆዱ የጥንቶቹ ሮዝውድ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ይመርጡ ነበር፤ የብራዚሉ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለንግድ ተከልክሏል። የእኔ ምርጫ ወይራ ነው፤ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነው። በደንብ ያልደረቀ ግን አታስገቡ፤ ሲኮማተር ከብረቱ ይለያያል።

የቀረኝ ምላጩ ነው። እነዚህ መላጊያዎች 4 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስለት ይፈልጋሉ። ከመኪና ባሌስትራ ምላጭ ያወጣችሁ ካላችሁ፣ ሳይጣመም እንዴት እንዳጠነከራችሁት ጻፉልኝ።