ስፖንጅ ጨምርበት

የመኪና ወንበር ወደምናድስበት ታፒሰሪ ቤት የሚመጣ ሹፌር ሕመሙንም መድኃኒቱንም ይዞ ነው የሚመጣው። «ወገቤን ገደለኝ፤ ስፖንጅ ጨምርበት።» በቃ። ለምን እንዳመመው የሚጠይቅ የለም። ከሙያው ሰዎችም ብዙዎቹ አይጠይቁም። ስፖንጅ መጨመር ቀላል ነው፣ ገንዘቡም ቶሎ ይገባል። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል፣ «እፎይ» ይላል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያመዋል። ያኔ ሌላ ቤት ሄዶ ሌላ ስፖንጅ ያስጨምራል።

ከነዚህ ሁሉ የማልረሳቸው ከጀሞ ሜክሲኮ የሚሠሩ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ስድሳ ዓመትን የተጠጉ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። መኪናቸው ሃይ ኤስ ናት። የሹፌሩ በር ሲከፈት ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የፋብሪካው ወንበር አለ። በላዩ የተሰነጣጠቀ የሌዘር ልብስ። በላዩ ከፍራሽ ተቆርጦ የወጣ ስፖንጅ። በላዩ የታጠፈ ብርድ ልብስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ የእንጨት ዶቃ ምንጣፍ። ጋሼ መሪው ጋ የሚደርሱት በቅሎ ላይ እንደሚወጣ ሰው እግራቸውን አንስተው ነበር። ከተቀመጡ በኋላ ጭንቅላታቸው ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ስፖኪዮ ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረባቸው።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አንጥፌም ወገቤ አልተወኝም። ግራ እግሬ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይደነዝዛል። አንድ ደህና ስፖንጅ ጨምርበትና ልሂድ።»

«ጋሼ፣ እሺ፤ ግን መጀመሪያ እንደሚነዱት ሆነው ይቀመጡልኝ።»

«ምን ልታይ?»

«ዝም ብለው ይቀመጡ።»

እየተነጫነጩ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው የተሳፋሪ ወንበር ላይ ሆኜ አየኋቸው። ወንበር ከፊት ሲያዩት ሁልጊዜ ደህና ይመስላል፤ ጉዱ የሚታየው ከኋላ ነው። የጋሼ ግራ ትከሻ ከቀኙ በግልጽ ዝቅ ብሏል። አንገታቸው ደግሞ መንገዱን ቀጥ ብሎ ለማየት ወደ ቀኝ ተመልሷል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ እንደ እንግሊዝኛው «S» ተጣመው ነበር የሚነዱት።

ግራው ለምን ዝቅ እንደሚል ለሙያው ሰው እንቆቅልሽ አይደለም። ሹፌር የሚወጣውም የሚገባውም በግራ በኩል ነው። በወጣ በገባ ቁጥር ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው የወንበሩ የግራ ጠርዝ ላይ ነው። ታክሲ ላይ ደግሞ ይሄ በቀን ስንቴ እንደሚሆን እናንተው ገምቱት፤ ተራ ላይ ይወርዳሉ፣ ጎማ ያያሉ፣ ሻይ ይላሉ። ስለዚህ ያ ጠርዝ ከሌላው ቀድሞ ይሞታል።

የቀኙ ከፍታ ግን ትንሽ አስገረመኝ። ኋላ ኪሳቸውን አየሁት።

«ጋሼ፣ እዚህ ኪስዎ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ምን አገባህ?»

ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። ጋሼ እያዩኝ ቦርሳቸውን አወጡ። መንጃ ፈቃድ፣ መታወቂያ፣ የሊብሬ ፎቶኮፒ፣ የዕድር ደብተር፣ የልጆቻቸው ፎቶ፣ በዚያ ላይ የዕለቱ ገቢ። ግማሽ ጡብ ያህላል። በአንድ በኩል ወንበሩ ተንዷል፣ በሌላው በኩል ቦርሳው ቂጣቸውን ወደ ላይ ይገፋል። ወፍራም ቦርሳ ኋላ ኪስ ውስጥ ይዞ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እስከ እግር የሚወርደውን ጅማት እየተጫነ ሕመም እንደሚያመጣ ሐኪሞች በጽሑፍ ካስቀመጡት ቆይቷል። ጋሼ አላመኑኝም። ቢሆንም ቦርሳውን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ወንበሩን አወጣነው። ባለ 14 ቁልፍ፣ አራት ብሎን፣ አለቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አሮጌ ሚኒባስ ላይ ነው ነገሩ እንዲህ የሚቀለው። ብዙዎቹ አዳዲስ የቤት መኪኖች ወንበራቸው ጎን ውስጥ ኤርባግ አላቸው። ከወንበሩ ስር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ባትሪው ሳይነቀል አይነካም። በዚያ ወንበር ላይ ጎኑን ጭምር የሚሸፍን ወፍራም ልብስ ማስሰፋትም ኤርባጉ እንዳይወጣ ማፈን ነው። ስንት ሰው ለውበት ብሎ ያንን አስሰፍቶ እንደሚነዳ ሳስብ ይገርመኛል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ወንበሩን ገልብጬ ልብሱን የያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ እየቆረጥኩ ከፈትኩት። የመጀመሪያው የወጣው ሳንቲም ነው። ቀጥሎ የብዕር ክዳን። ቀጥሎ የጠፋ የቤት ቁልፍ፤ ጋሼ ሲያዩት «እንዴ! በዚህ የተነሳ ስንት ተጨቃጨቅን!» ብለው ነጠቁኝ። ከስሩ ያለው የፋብሪካ ስፖንጅ ቢጫነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ግራው ላይ ደግሞ ስፖንጅም የለም። የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው የተጠቀለለ ጆንያ ጠቅጥቆበታል። ጆንያውን ሳነሳው ዋናው ነገር ወጣ። ከስር ከሚሸከሙት ጠመዝማዛ ሞላዎች አንዱ ተሰብሯል። የተሰበረው ጫፍ በመብራት ሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ላልቷል፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሏል።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። በአውራ ጣታቸው ጫፉን ነካ አደረጉት።

«ይሄ ነው እንዴ ሲወጋኝ የኖረው?»

«ይሄ ነው ጋሼ። እርስዎ ከላይ ሲያነጥፉ እሱ ከስር ሲቆፍር።»

ረዳቱ «ይበየድ!» አለ። ሞላ አይበየድም። እሳት ሲነካው ጥንካሬውን ይለቃል፤ ወይ ይለሰልሳል፣ ወይ ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ልጁን ሱማሌ ተራ ልኬ ከተፈታ ሃይ ኤስ ወንበር ላይ ደህና ሞላ አስመጣሁ። አዲስ ነገር ሁሉ ከአሮጌ አይሻልም፤ የፋብሪካ ሞላ ከሆነ አሮጌውም ይሠራል።

ክርክሩ የመጣው ስፖንጁ ላይ ነው። እኔ ያቀረብኩላቸው ከቁርጥራጭ ተጨምቆ የሚሠራውን፣ ያን ባለብዙ ቀለም ነው። ጋሼ በጡጫ መቱት። «ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ነው። እኔ ስፖንጅ ነው ያልኩህ።»

ሁለት እኩል የተቆረጡ ቁራጮች ሰጠኋቸው፤ አንዱ የርካሽ ፍራሽ ስፖንጅ፣ አንዱ ይሄ። በሁለት እጃቸው መዘኑት። የርካሹ ፍራሽ አንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ለመኪና መቀመጫ የሚሆነው ግን 50 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቀላሉ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ገነት ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን እስከ ታች ይጠፋል፣ የሚቀረው ብረቱ ነው።

ሌላም ችግር አለው። የተቀመጠ ሰው ገላ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚሆን መንቀጥቀጥ ሲመጣበት አብሮ ይናጣል። ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ ደግሞ በዚያው አካባቢ ነው የሚዘለው። ስለዚህ መንገዱ የሚሰጠውን ንቅናቄ መቀነስ ሲገባው ይጨምረዋል። ይሄን ለጋሼ በቁጥር አላስረዳኋቸውም። «ኮብልስቶን ላይ ሲገቡ ሆድዎ ሁሉ አብሮ አይዘልም?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ረዳቱ «ይዘላል!» አለላቸው።

ስለዚህ ከስር ጠንካራውን አደረግሁ፣ ከላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ለስላሳ ደረብኩ። ከዚያ ልብስ ሳላለብሰው ጋሼን ባዶው ስፖንጅ ላይ አስቀመጥኳቸው። የመቀመጫ አጥንታቸው የተጫነበትን፣ ጉልበታቸው የሚታጠፍበትን በጠመኔ አሰመርኩ። ሲነሱ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ቀረ። የእግራቸው መደንዘዝ ምክንያት እዚያ ላይ ታየ። የወንበሩ የፊት ጠርዝ ከጉልበታቸው ጀርባ ጋር ተጣብቋል። ያ ቦታ ደም ስርም ጅማትም የሚያልፍበት ነው። በዚያ ላይ ጋሼ አጭር ናቸው፤ ከተከመረው ነገር በላይ ተቀምጠው ፍሪሲዮን ለመርገጥ ግራ እግራቸውን መዘርጋት ነበረባቸው። ቀኑን ሙሉ ጭናቸው ጠርዙ ላይ ይታረድ ነበር ማለት ነው። ጠርዙን በቢላዋ አሳጠርኩት፣ አከበብኩት። በጠርዙና በጉልበት ጀርባ መካከል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ካለ ይበቃል።

ጋሼ እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አመጡ። መንገዱን ከላይ ሆነው ማየት ለምደዋል። «እንግዲያስ ወንበሩ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ስር ብረት አስበይደህ ከፍ አድርግልኝ» አሉ። እምቢ አልኩ። በግጭት ጊዜ ሰውየውን ከነወንበሩ ይዞ የሚያስቀረው ያ ማሰሪያ ነው፤ ሰፈር ውስጥ በሚበየድ ብረት አይቀየርም። ተቆጡ። ሌላ ቤት በአንድ ሰዓት እንደሚሠራላቸው ነገሩኝ። ልክ ናቸው፣ ይሠራላቸዋል። የድሮው ክምርም ቢሆን ጉዳቱ የወገብ ብቻ አልነበረም። ሰው ከፍ ሲል የጭንቅላት መደገፊያው አንገቱ ላይ ይቀራል፤ ቀበቶውም ከዳሌ አጥንት ወጥቶ ሆድ ላይ ያርፋል። የሆድ ዕቃ ደግሞ ፍሬን አይችልም። በመጨረሻ በጠንካራው ስፖንጅ ትንሽ ከፍ አድርጌላቸው ተስማማን።

ልብሱን መሃሉን ወፍራም ጨርቅ፣ ጎንና ጎኑን ሌዘር አደረግሁት። እንደ ጋሼ ያለ አሮጌ ሃይ ኤስ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ስር ነው። ሙሉ ሌዘር ከሆነ ከስር ይሞቃል፣ ከላይ ያልባል፣ ሸሚዝ ይጣበቃል። ሰው ግን አሁንም ሙሉ ሌዘር ነው የሚፈልገው፤ ያብረቀርቃላ።

የቀረው መደገፊያው ነው። ጋሼ እንደ ድሮ ተማሪ ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አልፍ ናኬምሰን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም በሕያው ሰው የአከርካሪ ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለክቶ ነበር። ከመቆም ይልቅ መቀመጥ ዲስኩን የበለጠ እንደሚጫነው አገኘ። ኋላ በተደረጉት ልኬቶች ደግሞ መደገፊያው ትንሽ ወደ ኋላ ሲጋደምና ወገብ ከኋላው ደገፍ ሲያገኝ ግፊቱ ቀለለ። እኔም መደገፊያውን ከመቶ ዲግሪ ትንሽ አለፍ እንዲል አድርጌ አጋደምኩት። ከቀበቷቸው ከፍ ብሎ ወገባቸው ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ፓድ ሠራሁ። ፓዱን በማስቲሽ አላጣበቅኩትም፤ በላስቲክ ቀበቶ የሚታሰር፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ አደረግሁት። ጋሼ መሪውን ያዙ፣ ፍሪሲዮን ረገጡ፣ ማርሽ ቀያየሩ። «ደህና ነው» ብለው ሄዱ። ፊታቸው ግን ደህና አይልም ነበር።

ተመልሰው መጡ። ገና ከበሩ ጮኹ። «አግዳሚ ነው የሠራህልኝ! ጭራሽ ባሰብኝ!» ወጥቼ የሹፌሩን በር ከፈትኩ። ብርድ ልብሱ አለ። ከፍራሽ የተቆረጠው ስፖንጅ አለ። የዶቃ ምንጣፉም አለ። ሁሉም በየቦታቸው፣ በአዲሱ ወንበር ላይ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሱ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።»

ረዳቱ እኔን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረ። አንድ በአንድ አወረድኩና ያለ ምንም እስከ ሜክሲኮ ደርሰው እንዲመለሱ ለመንኳቸው። ሲመለሱ አልወረዱም። በመስኮት እጃቸውን አውለብልበው አለፉ። ከዚያ በኋላ እግራቸው መደንዘዙን እንደተወ፣ ወገባቸው ግን ማታ ማታ አሁንም ትንሽ እንደሚሰማቸው ነገሩኝ። ይሄ አይገርመኝም። በዚያ ዕድሜ፣ ያን ያህል ሰዓት ተቀምጦ፣ ወንበር ሁሉን አያድንም። ተራ ሲጠብቁ ወርደው ይንቀሳቀሱ አልኳቸው፤ ያንን ከወንበሩ በላይ ወደዱት።

አዲስ ጣጣ ያመጣው ሌላው ሹፌር ነው። ጋሼ እሁድና አንዳንድ ማታ መኪናዋን ለወንድማቸው ልጅ ይሰጣሉ፤ ልጁ ከሳቸው በአንድ ራስ ይረዝማል። ለጋሼ ወገብ የተሠራው ፓድ እሱን ቂጡ ላይ ይገፋዋል። ወደ ላይ ሳበው ብዬ አሳየሁት። እሱ ግን ፈትቶ ወደ ኋላ ወረወረው። ፓዱም በሩ አጠገብ ላለችው ተጣጣፊ ወንበር የረዳቱ ትራስ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሲፈልጉት ተሳፋሪ ተቀምጦበት አገኙት።

አሁን ፓዱ መኪናዋ ውስጥ አያድርም። ማታ ጋሼ ከገቢው ጋር በፌስታል ይዘውት ቤት ይገባሉ።