ሴራሚክ ላይ ድሪል ከማንሳታችሁ በፊት

ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ስገባ የመጋረጃውን ብረት፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ፣ የቁም ሳጥኑን ማጠፊያ ራሴ ገጠምኩ። ምንም አላስቸገረኝም። ያቃጠለኝ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ነው።

ለእሱ «ባለሙያ» ጠራሁ። ሰውዬው ድሪሉን ሰካና ማዞሪያውን የመዶሻው ምልክት ላይ አደረገው። «ወንድሜ፣ ሀመሩን አጥፋው፤ ሴራሚክ እኮ ነው» ስለው «ያለ ሀመር ግድግዳ አይበሳም፤ አንተ ዝም ብለህ እይ» አለኝ። አየሁ። ከቀዳዳው እስከ ጥጉ ድረስ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ሮጠ። «የሴራሚኩ ችግር ነው፤ ሲለጠፍ ውስጡ ባዶ ቀርቷል» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እስካሁን ያናድደኛል። ባዶ መሆኑን እኮ በጣቱ አንኳኩቶ መለየት ይችል ነበር!

የቀረውን ቀዳዳ ራሴ በሳሁት። ጫፏ የሾለ የሴራሚክ ፑንታ፣ ማለትም ድሪሉ ላይ የምትገጠመውን መብሻ፣ ገዛሁ («ሁሉን ይበሳል» እየተባለ የሚሸጠውን አትመኑ)፣ ምልክቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ። ብዙዎች በምስማር ነካ ነካ አድርጎ ማስጀመርን ይመክራሉ። አልስማማም፤ መዶሻ ሴራሚክ አጠገብ አይድረስ። ፑንታዋን በጣቴ ይዤ እያሽከረከርኩ አብረቅራቂውን ሽፋን ፋቅኩት። ነጭ ዱቄት ወጥቶ ጫፏ ቦታ ስትይዝ ነው ድሪሉ ላይ የገጠምኳት፦ ሀመር ጠፍቶ፣ በዝግታ፣ ሳልጫን፣ ስትግል እያሳረፍኩ። ግራጫ አቧራ ሲመጣ ሴራሚኩ አልቋል ማለት ነው፤ ወደ ኮንክሪት ፑንታ ቀየርኩ። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ እዚያም ሀመር አታብሩ። የብሎኬቱ ገጽ ስስ ስለሆነ ከውስጥ ይፈረፈርና ፊሸሩ (ብሎኑን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል።

ብሎን ማጥበቅ ላይ ስትደርሱ ድሪሉን አስቀምጡና ካቻቢቴ አንሱ። ብሎኑ መቼ እንደበቃው የሚያውቀው እጅ ነው። ቺፑድ (ከተፈጨ እንጨት የተጠፈጠፈ ጣውላ) ላይማ በድሪል ካጠበቃችሁ ቀዳዳው ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ የክብሪት እንጨት ኮላ ነክሮ መጠቅጠቅ ነው።

የተሰነጠቀውን ሴራሚክ ለመቀየር መርካቶን ዞርኩ፤ ያ ዲዛይን የለም። ነጭ ሲሚንቶ ሞላሁበት፤ ያም ሆኖ ያስታውቃል። አከራዬ በገቡ ቁጥር ዓይናቸው እዚያው ላይ ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ለአንድ ፍሬ ብዬ ሙሉ ግድግዳ ላስቀይር?» ቤት የምታሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ከተረፈው ሴራሚክ ጥቂት ፍሬ አልጋ ሥር አስቀሩ።